የማጣበቂያ አመራረጥና የሻወር ትሪ አተካከል



በየዓመቱ በሚወጣው በዚህ መጽሔታችን ላይ ሌሎች ጓደኞቼ ስለ ታሪክ፣ ስለ ጤና አጠባበቅና ስለ መልካም ጠባይ ሲጽፉ፣ እኔ ስለ ሻወር ትሪና ስለ ማጣበቂያ ለመጻፍ መነሣቴ አንዳንዶቻችሁን ሳያስቅ አይቀርም። ነገሩ ግን እንደሚመስለው ቀላል አይደለም። እኔም በመጀመሪያ ቀላል መስሎኝ ነበር፤ ቀላል መስሎኝ በመሥራቴም ቤተ ሰቤን ለወጪ፣ ጎረቤታችንን ደግሞ ለአደጋ ዳረግሁ። ስለዚህ ከስሕተቴ የተማርሁትን፣ እንደዚሁም ከኬሚስትሪ መምህራችንና ከአንድ ሽማግሌ ግንበኛ የሰማሁትን እንደሚከተለው አቀርባለሁ።

ነገሩ እንዴት እንደ ተጀመረ

የሻወር ትሪ ማለት ቆመን ስንታጠብ ከእግራችን በታች የሚሆነው፣ ውኃውን ሰብስቦ ወደ ፍሳሹ ቀዳዳ የሚልከው ዝርግ ሣህን ነው። ቤታችን በአዲስ አበባ፣ በአንድ የኮንዶሚኒየም ሕንፃ ሦስተኛ ፎቅ ላይ ይገኛል። ባለፈው ዓመት የመታጠቢያ ክፍላችን አሮጌው ትሪ ስለ ተበላሸ አባቴ አዲስ ገዙ። ይኸውም ከሙጫና ከድንጋይ ዱቄት ተቀላቅሎ የተሠራ፣ ወርዱና ቁመቱ 80 በ80 ሳንቲ ሜትር የሆነ፣ እጅግ የሚያምር ነጭ ትሪ ነበር። አባቴ ግንበኛ ለመጥራት ሲያስቡ፣ «አባባ፣ ለዚህ ደግሞ ምን ግንበኛ ያስፈልጋል? እኔ እተክለዋለሁ» አልኋቸው። አባቴም በትምህርቴ ስለሚመኩ እሺ አሉኝ።

ወደ ሕንፃ መሣሪያ ሱቅ ሄጄ «ከሁሉ የሚበረታውን ማጣበቂያ ስጠኝ» አልሁት። ባለ ሱቁም እንደ ጠየቅሁት ሰጠኝ። የሰጠኝ በቱቦ የታሸገ፣ ሲከፈት አቼቶ አቼቶ የሚሸት ሲሊኮን ነበር። ዋጋው ውድ ስለ ነበረ ጥሩ መሆኑን አልተጠራጠርሁም። ቤት እንደ ገባሁ በወለሉ ላይ በአራቱ ማዕዘንና በመካከሉ የቡና ሲኒ አፍ የሚያህሉ አምስት ጉብታዎች አደረግሁና ትሪውን ከላይ ጫንሁበት። ከትሪው ጋር በካርቶኑ ውስጥ የመጣውን ወረቀት እጄን ጠረግሁበት። በማግሥቱ ቤተ ሰቡ ሁሉ እያየ አደነቀኝ፤ እናቴም «ልጄ ሙያተኛ ሆነ» ብላ ለጎረቤት አወራች።

ሦስት ወር ያህል እንዲህ ሆኖ ቆየ። ትሪው ሲረገጥ ቋ የሚል ድምፅ መስጠት ከጀመረ ሰንብቶ ነበር፤ እኔ ግን ነገሬ አላልሁትም። አንድ እሑድ ጧት በራችን ተንኳኳ። ስከፍት ከበታችን የሚኖሩት አሮጊት ጎረቤታችን ቆመዋል። «ልጄ፣ አባትህ አሉ?» አሉኝ። ከአባቴ ጋር ወርደን ስናይ የጣራቸው ልስን አብጦ ከፊሉ ወድቋል። የወደቀውም የልጅ ልጃቸው በሚተኛበት አልጋ ላይ ነው። ውኃው በመብራቱ ገመድ ላይ እየተንጠባጠበ ስለ ነበረ እማማ መብራቱን ከቆጣሪው አጥፍተውት ነበር። ደግነቱ ልጁ በዚያ ሰዓት በግቢው ይጫወት ነበር። እማማ አልተቆጡም፤ «እንኳን ልጁን አላገኘው» ብቻ አሉ። ይህ ከቁጣ ይልቅ ከበደኝ።

ትሪውን ብንመረምረው ከፍሳሹ ቀዳዳ ተነሥቶ ወደ ማዕዘኑ የሚሄድ ፀጉር የሚያህል ስንጥቅ አገኘንበት። አባቴም «ለምን እንደ ተሰነጠቀ አንተው ፈልገህ እወቀው» አሉኝ እንጂ ሌላ ቃል አልጨመሩም።

ሰኞ ዕለት ለኬሚስትሪ መምህራችን ነገሩን ብነግራቸው «በምን አጣበቅኸው?» ብለው ጠየቁኝ። «ከሁሉ በሚበረታው ማጣበቂያ» አልኋቸው። «የሚበረታው ለምኑ ነው?» አሉኝ። መልስ አልነበረኝም። እርሳቸውም ሦስት ጥያቄዎች በሰሌዳ ላይ ጻፉልኝ። 1ኛ/ ትሪውን የሚሸከመው ምንድን ነው? 2ኛ/ ማጣበቂያው በምን ይጠነክራል? 3ኛ/ ከላይና ከታች ያሉት ነገሮች ከምን የተሠሩ ናቸው? የዚህ ጽሑፍ ዋና ክፍል ለእነዚህ ሦስት ጥያቄዎች መልስ ፍለጋ ነው።

ማጣበቅ ሌላ፣ መደገፍ ሌላ

መጀመሪያ በሒሳብ እንየው። የትሪው ስፋት 80 በ80፣ ማለት 6400 ካሬ ሳንቲ ሜትር ነው። እኔ ያደረግሁት እያንዳንዱ የሲሊኮን ጉብታ በመካከሉ ሲለካ 6 ሳንቲ ሜትር ስለ ነበረ ስፋቱ 28 ካሬ ሳንቲ ሜትር ያህል ይሆናል፤ አምስቱ ሲደመሩ 140 ናቸው። ይህም ከ100 እጅ 2 እጅ ያህል ብቻ ነው። የቀረው 98 እጅ በአየር ላይ የተንሳፈፈ ነበር ማለት ነው።

ይህን በእንጀራ ምጣድ ልንመስለው እንችላለን። ምጣድ በሦስት ጉልቻ ላይ ሆኖ የሊጡን ክብደት ያለ ችግር ይሸከማል። ነገር ግን ሰው መካከሉን ቢረግጠው በጉልቻዎቹ መካከል ይሰበራል። ያው ምጣድ በተደለደለ አሸዋ ላይ ሥሩ ሁሉ ተደግፎ ቢቀመጥ ግን ያንኑ ክብደት ሊችል ይችላል። የምጣዱ ጥንካሬ አልተለወጠም፤ የተለወጠው ድጋፉ ነው። «ጉልቻ ቢለዋወጥ ወጥ አያጣፍጥም» ይባላል። ለወጥ እውነት ይሆናል፤ ለሻወር ትሪ ግን ነገሩ ሁሉ ጉልቻው ነው።

70 ኪሎ የሚመዝን ሰው በትሪው ላይ ሲቆም ያልተደገፈው ክፍል በጥቂቱ ወደ ታች ይጎብጣል፤ ሲወርድ ይመለሳል። ይህ መጉበጥና መመለስ በዐይን አይታይም። ነገር ግን አንድን ሽቦ ደጋግሞ ማጠፍ እንደሚሰብረው ሁሉ፣ በቀን ብዙ ጊዜ ለወራት ሲደጋገም ትሪውን ያደክመዋል። ስንጥቁ የሚጀምረውም ደካማ ከሆነው ቦታ፣ አብዛኛውን ጊዜ ከፍሳሹ ቀዳዳ ዙሪያ ነው። ስለዚህ ሲሊኮኑ ምንም ያህል ቢበረታ ትሪውን ሊያድነው አይችልም ነበር። ሥራው መያዝ ነው እንጂ መሸከም አይደለም።

አንዳንድ ሰዎች ባዶውን ቦታ የሚያብጥ ፎም በመንፋት ለመሙላት ይሞክራሉ። ተራው ፎም ግን እያበጠ ሲሄድ ትሪውን ከልኩ ያነሣዋል፤ ከደረቀም በኋላ ለስላሳ ስለሆነ ሲረገጥ ይሟሽሻል። ለዚሁ ተብሎ ያልተዘጋጀ ፎም በዚህ ቦታ መጠቀም አይገባም።

ማጣበቂያ በምን ይጠነክራል?

ማጣበቂያ ሁሉ ሲቀባ ፈሳሽ ወይም እንደ ሊጥ ለስላሳ መሆን አለበት፤ ምክንያቱም በዕቃው ገጽ ላይ ወዳሉት ጥቃቅን ጎድጓዶች መግባት ይኖርበታል። ከገባ በኋላ ግን መጠንከር አለበት። የሚጠነክርባቸው ዋና ዋና መንገዶች ሦስት ናቸው።

1ኛ/ በመድረቅ። እንጨት ሠራተኞች የሚጠቀሙበት ነጭ ኮላ እንዲህ ያለ ነው። ውስጡ ያለው ውኃ ተንኖ ሲወጣ ይጠነክራል። በሚተን ፈሳሽ የተበጠበጡ ሌሎች ማጣበቂያዎችም እንደዚሁ ናቸው።

2ኛ/ ከአየር አንድ ነገር በመውሰድ። ሲሊኮንና በቱቦ የሚሸጠው የፖሊዩሬታን ማጣበቂያ ከአየር እርጥበት እየወሰዱ ይጠነክራሉ። ሲሊኮን አየር እንደ ልብ በሚያገኝበት ቦታ በ24 ሰዓት ከ2 እስከ 3 ሚሊ ሜትር ያህል ከዳር ወደ ውስጥ ይረጋል። በ17ኛው መቶ ዓመት የጎንደር ቤተ መንግሥቶች የተገነቡበት ኖራም ከአየር ካርቦን ዳይኦክሳይድ እየወሰደ ቀስ በቀስ ወደ ድንጋይነት የሚመለስ ስለሆነ ከዚህ ክፍል ይቈጠራል።

3ኛ/ በውስጡ በያዘው ነገር። ሲሚንቶ ከውኃ ጋር ሲቀላቀል ውኃውን ከራሱ ጋር አዋሕዶ አዲስ ጠንካራ ነገር ይሠራል። ስለዚህ አየር ባይኖርም፣ ውኃ ውስጥም ቢሆን ይጠነክራል። ዛሬ የምንጠቀምበት የፖርትላንድ ሲሚንቶ ስሙን ያገኘው ጆሴፍ አስፕዲን የተባለ እንግሊዛዊ ግንበኛ በ1824 ዓ.ም. (በአውሮፓ አቈጣጠር) ባወጣው የፈጠራ መብት ነው። ሁለቱን ክፍሎች በመቀላቀል የሚዘጋጀው ኢፖክሲም የሚጠነክረው በራሱ ነው።

እንግዲህ በሻወር ትሪ ሥር ምን አለ? ከላይ ውኃ የማያስተላልፍ ሣህን፣ ከታች ሲሚንቶ። የሚገባው አየር እጅግ ጥቂት ነው። ይህን በዐይናችን ለማየት ከመምህራችን ጋር በቤተ ሙከራ አንድ ቀላል ሙከራ አደረግን። ከአሮጌ መስኮት 20 በ20 ሳንቲ ሜትር የሆኑ ስድስት መስተዋቶች ቈርጠን፣ በመጀመሪያዎቹ ሁለት መካከል ኮላ፣ በቀጥሎቹ መካከል ሲሊኮን፣ በሦስተኛዎቹ መካከል ደግሞ በውኃ የተበጠበጠ የሴራሚክ ማጣበቂያ ቀባንና አጋጠምናቸው። መስተዋት የመረጥነው ውስጡን አሳልፎ ስለሚያሳይ ነው።

ከ7 ቀን በኋላ ያየነው የሚከተለውን ነው። ኮላው በዳር ዳሩ ደርቆ ጠርቶ ነበር፤ መካከሉ ግን እንደ ወተት ነጭና እርጥብ ሆኖ ቀርቷል። የደረቀውንም ክፍል ውኃ ውስጥ ብናስገባው እንደገና ነጥቶ ለሰለሰ። ሲሊኮኑ በዳሩ እንደ ጎማ ረግቷል፤ መስተዋቶቹን ስናለያያቸው ግን መካከሉ ገና እንደ ሊጥ ነበር። የሴራሚኩ ማጣበቂያ ከዳር እስከ ዳር ጠንክሯል። ከዚህ በኋላ እኔ ስለ አምስቱ ጉብታዎቼ ብዙ ጥያቄ አልነበረኝም።

አንድ ነገር ግን ሳልጠብቀው አየሁ። ጠንክሮ የነበረው የሴራሚክ ማጣበቂያ ከመስተዋቱ ያለ ብዙ ድካም ተላቀቀ። መምህራችንም «መጠንከርና መያዝ አንድ አይደሉም» አሉ። መስተዋት ልሙጥ ስለሆነና ውኃ ስለማይጠጣ ተራው የሲሚንቶ ማጣበቂያ የሚጨብጠው ነገር አያገኝም። ይህም ወደ ሦስተኛው ጥያቄ ያደርሰናል።

ከላይ ያለው፤ የትሪው ዐይነት

ሀ/ የሴራሚክ ትሪ። ከሸክላ አፈር ተቀርጾ በእሳት የተጠበሰ ነው። ከባድና ጠንካራ ነው፤ ሲጎብጥ ግን አይታገሥም። ለእርሱ የሚስማማው በአሸዋና በሲሚንቶ የተደለደለ ምንጣፍ ነው።

ለ/ ከሙጫና ከድንጋይ ዱቄት የተሠራ ትሪ። የእኛው እንዲህ ያለ ነበር። እርሱም ሥሩ በሙሉ እንዲደገፍ ይፈልጋል። ብዙዎች አምራቾች የአሸዋና የሲሚንቶ ምንጣፍን ያዝዛሉ፤ አንዳንዶቹም ወለሉ ፍጹም ልክ ከሆነ የሚለጠጥ የሴራሚክ ማጣበቂያ ብቻውን እንዲበቃ ይፈቅዳሉ።

ሐ/ የአክሪሊክ ትሪ። በሙቀት ተቀርጾ በጀርባው ፋይበር ግላስ የተለበጠ ፕላስቲክ ነው። ቀላል ነው፤ ይለጠጣል። አብዛኛውን ጊዜ የራሱ እግር ወይም ፍሬም ስላለው በዚያው ላይ ይቆማል። በዚህ ላይ እጅግ መጠንቀቅ የሚያስፈልገው በሚተን ፈሳሽ ከተበጠበጡ ማጣበቂያዎች ነው፤ ፈሳሹ ፕላስቲኩን ያቀልጠዋል ወይም ጥቃቅን ስንጥቅ ያወጣበታል። ጫማ ሰፊ የሚጠቀምበት ሽታው የሚያሰክር ማስቲሽ ከእነዚህ አንዱ ነው።

መ/ ኢናሜል የተቀባ የብረት ትሪ። ይህም እንደ ኢናሜል ሣህን ያለ ነው። አቼቶ የሚሸተው ሲሊኮን ሲረጋ አሲድ ስለሚያወጣ ኢናሜሉ በተላጠበት ቦታ ብረቱን ሊያዝገው ይችላል።

በዚህ አጋጣሚ በሴራሚክ ማጣበቂያ ከረጢት ላይ ስለሚገኙት ምልክቶች ጥቂት ልናገር። ኢ.ኤን. 12004 በተባለው የአውሮፓ ደረጃ መሠረት በእንግሊዝኛው ፊደል «ሲ» የተጻፈበት ከሲሚንቶ የተሠራ፣ «ዲ» የተጻፈበት ተዘጋጅቶ የመጣና በመድረቅ የሚጠነክር፣ «አር» የተጻፈበት ደግሞ እንደ ኢፖክሲ በራሱ የሚጠነክር ሙጫ ነው። «ሲ 1» በያንዳንዱ ካሬ ሳንቲ ሜትር ቢያንስ 5 ኪሎ ያህል፣ «ሲ 2» ደግሞ ቢያንስ 10 ኪሎ ያህል የሚስብ ኀይል እንዲችል ይጠበቃል። «ኤስ 1» የተጨመረበት ሳይሰበር ቢያንስ 2.5 ሚሊ ሜትር፣ «ኤስ 2» ቢያንስ 5 ሚሊ ሜትር የሚጎብጥ ነው። ስለዚህ በትሪ ሥር የሚመረጠው «ሲ 2» ሆኖ «ኤስ 1» የተጨመረበት ነው። «ዲ» የተጻፈበት ግን እንደ ኮላው መድረቅ ስለሚያስፈልገው ለዚህ ቦታ አይሆንም።

ከታች ያለው፤ ወለሉ

ማጣበቂያ የሚይዘው መጀመሪያ ያገኘውን ነገር ነው። መጀመሪያ ያገኘው አቧራ ከሆነ አቧራውን ይይዛል፤ አቧራው ግን ወለሉን አልያዘውም። እኔ ሲሊኮኑን ያደረግሁት አሮጌው ትሪ በተነሣበት ባልተጠረገ ወለል ላይ ነበር። ትሪውን ስናነሣው ከአምስቱ ጉብታዎች ሦስቱ ግራጫ የሲሚንቶ ዱቄት እንደ ጫማ ለብሰው ተነሡ። በተጨማሪም አቼቶ የሚሸተው ሲሊኮን የሚያወጣው አሲድ ከሲሚንቶው ጋር ስለሚዋጋ በሲሚንቶ ላይ በደንብ አይዝም። ለሲሚንቶ የሚሆነው አሲድ የማያወጣው፣ «ኒውትራል» የሚባለው ዐይነት ነው።

ወለሉ ደረቅ ሲሚንቶ ከሆነ የምንጣፉን ውኃ መጥጦ እንዳይወስድበት ቀድሞ በጥቂቱ መርጠብ አለበት። አሮጌ ሴራሚክ ከሆነ ልሙጡ ገጽ ተፍቆ መሻከር ይገባዋል። ጀሶ ውኃ ሲያገኝ ስለሚለሰልስ የትሪ መደላደያ ሊሆን ከቶ አይችልም።

ዳር ዳሩ፤ የሲሊኮን እውነተኛ ቦታ

እስካሁን ሲሊኮንን ስነቅፍ ቆይቻለሁ፤ ነገር ግን ቦታው ሌላ ሆኖ እንጂ ጥፋት የለበትም። ትሪው ከግድግዳው ጋር በሚገናኝበት ዳር ከእርሱ የሚሻል ነገር ማግኘት ያስቸግራል። ምክንያቱን በፊዚክስ ማስረዳት ይቻላል። አክሪሊክ በያንዳንዱ ሜትር ለያንዳንዱ ዲግሪ ሙቀት 0.07 ሚሊ ሜትር ያህል ይረዝማል። 90 ሳንቲ ሜትር የሆነ ትሪ ከ20 ዲግሪ ወደ 45 ዲግሪ ቢሞቅ 0.9 በ0.07 በ25፣ ማለት 1.6 ሚሊ ሜትር ያህል ይረዝማል። ግድግዳው ግን አብሮት አይሄድም። በመካከላቸው ያለው ነገር እንደ ሲሚንቶ ግትር ከሆነ ይሰነጠቃል፤ እንደ ጎማ የሚለጠጥ ከሆነ ግን ይታገሣል። ዳሩ አየር ስለሚያገኝም ሲሊኮኑ በሚገባ ይረጋል።

ስለዚህ በትሪውና በግድግዳው መካከል ከ3 እስከ 5 ሚሊ ሜትር ክፍተት ይተዋል፤ በዚያም ለመታጠቢያ ቤት የተዘጋጀ፣ ሻጋታ የሚከላከል ኒውትራል ሲሊኮን ይሞላል። አዲስ ሲሊኮን በአሮጌው ላይ ስለማይዝ አሮጌው ተፍቆ መውጣት አለበት።

እንደገና እንደ ሠራነው

አባቴ አዲስ ትሪ ገዝተው፣ በዚህ ጊዜ አንድ ሽማግሌ ግንበኛ ጠሩ፤ እኔም ረዳት ሆንሁ። ጋሼ ሲመጡ ስለ ማጣበቂያ አልጠየቁም። «ልጄ፣ ከትሪው ጋር የመጣውን ወረቀት አምጣ፤ ቀጥሎ ውኃ ልክ አቀብለኝ» አሉኝ። ወረቀቱን ከአዲሱ ካርቶን አውጥቼ ስሰጣቸው በመጀመሪያው ገጽ ላይ ሥዕል አየሁ። በግራ በኩል ያለው ሥዕል ትሪውን በአምስት ጉብታዎች ላይ ያሳያል፤ በላዩ ላይ ቀይ የመስቀለኛ ምልክት ተደርጎበታል። እኔ እጄን የጠረግሁበት ወረቀት ይህንኑ ነበር። ለማንም አልተናገርሁም፤ ጆሮዬ ግን ጋለ።

አሠራሩ እንደዚህ ነበር።

1ኛ/ ወለሉን ጠርገው፣ አጥበው፣ ትሪውን ያለ ማጣበቂያ በቦታው አስቀምጠው ለኩ። ሲፎኑን ከፍሳሹ ቧንቧ ጋር አገናኝተው በባልዲ ውኃ አፍስሰው መጋጠሚያውን አዩ። «ከሥር የሚያፈስ ከሆነ አሁን ይንገረን» አሉ።

2ኛ/ አንድ እጅ ሲሚንቶ ከአምስት እጅ አሸዋ ጋር ቀላቅለው ጥቂት ውኃ ጨመሩበት። ልኩ በእጅ ሲጨበጥ የሚጠረቅ፣ ውኃ ግን የማያንጠባጥብ ነው። ሲሚንቶ ቆዳ ስለሚበላ ጓንት አጠለቅን። የሲፎኑን ዙሪያ ባዶ ትተው በቀረው ወለል ላይ 2 ሳንቲ ሜትር ያህል ውፍረት አድርገው ደለደሉት።

3ኛ/ በትሪው ጀርባ ላይ የሚለጠጥ የሴራሚክ ማጣበቂያ ስስ አድርገው ቀቡ። ትሪውን አስቀምጠው በመጠኑ ተጫኑት፤ ወዲያውም አነሡትና ሥሩን አሳዩኝ። በምንጣፉ ላይ ያረፈው ቦታ ሁሉ ምልክት ነበረው፤ በአንድ ማዕዘን ግን ምልክት አልነበረም። በዚያ ጥቂት ሞርታር ጨምረው እንደገና አስቀመጡት።

4ኛ/ ውኃ ልኩን በአራቱም ጐን አስቀምጠው ትሪውን ፍጹም ልክ አደረጉት። «ለምን ወደ ቀዳዳው አያዘነብልም?» ብዬ ብጠይቃቸው፣ ዝንባሌው በትሪው ገጽ ላይ አስቀድሞ የተቀረጸ መሆኑን በጣታቸው እያስነኩ አሳዩኝ።

5ኛ/ ለ24 ሰዓት ማንም እንዳይረግጠው በሩን ዘጋን። በማግሥቱ ጋሼ እንደ ጋን በጣታቸው ቋ ቋ እያደረጉ ሁሉን ቦታ መቱት። ባዶ ቦታ ቢኖር እንደ ተሰነጠቀ ሸክላ ድምፁ ይለያል። የተሰማው ግን ሁሉም ደፍን ድምፅ ነበር።

6ኛ/ የግድግዳው ሥር ውኃ በማያስተላልፍ ቅብ ከተቀባ በኋላ ሴራሚኩ ከትሪው ከንፈር በላይ ሆኖ ተለጠፈ፤ ክፍተቱም በሲሊኮን ተሞልቶ ሌላ 24 ሰዓት ቆየ።

በመጨረሻም ቀዳዳውን ደፍነን ትሪውን ውኃ ሞላነው፤ የውኃውንም ልክ በእርሳስ ምልክት አደረግንበት። በሠፈራችን ውኃ በፈረቃ ስለሚመጣ ከበርሜል እየቀዳሁ ያመጣሁት እኔ ነኝ። ውኃው አንድ ቀንና አንድ ሌሊት ቆየ። በዚያ ጊዜ ውስጥ አራት ጊዜ ወደ እማማ ቤት ወርጄ ጣራውን አየሁ። አራተኛ ጊዜ ስመጣ እማማ ሳቁና «ልጄ፣ ጣራው አይሸሽም፤ ተቀመጥና ቡና ጠጣ» አሉኝ። ጣራው ደረቅ ነበር። ወደ ላይ ስወጣም ውኃው ከእርሳሱ ምልክት አልጎደለም። ስንደፍነው የቆየውንም ቀዳዳ ከፍተን መፍሰሱን ከታች ሆነን አየን፤ አንድ ጠብታ አልወረደም። ከዚያ በኋላ የእማማ ጣራ እስኪደርቅ ሦስት ሳምንት ጠብቀን፣ አባቴና እኔ ፍቀን፣ ለስነን፣ ቀለም ቀባነው። መብራቱን ግን እኛ አልነካነውም፤ የኤሌክትሪክ ሠራተኛ ሠራው።

መደምደሚያ

እንግዲህ የዚህ ጽሑፍ ፍሬ ነገር በሦስት ቃል ይጠቃለላል። ትሪውን የሚሸከመው ምንጣፉ ነው፤ የሚይዘው ማጣበቂያው ነው፤ ውኃውን ከዳር የሚከለክለው ሲሊኮኑ ነው። ሦስቱም ሥራ የየራሳቸው ዕቃ አላቸው፤ አንዱ የሌላውን ሥራ አይሠራም። እኔ ግን አንዱን ዕቃ ለሦስቱም ሥራ ስላዘዝሁት ሦስቱም ሥራ ሳይሠራ ቀረ።

ለወላጆች የማሳስበው፣ ትሪ ወይም ሌላ ዕቃ ስታስተክሉ ሠራተኛውን «በምን ትተክለዋለህ? ሥሩስ በሙሉ ይደገፋል ወይ?» ብላችሁ ብትጠይቁ የሚያፍር ሰው እንደማይኖር ነው። ከላይ የሚኖር ሰው የሚሠራው ሥራ በታች የሚኖረውን ሰው ሌሊት ያስተኛዋል ወይም አያስተኛውም።

ለጓደኞቼ ደግሞ የምነግራችሁ አንድ ነገር ነው። ወደ ሱቅ ሄዳችሁ «ከሁሉ የሚበረታውን ስጠኝ» ከማለታችሁ በፊት መምህራችን የጠየቁኝን ጥያቄ ራሳችሁን ጠይቁ፤ «የሚበረታው ለምኑ ነው?» መልሱን ያላገኛችሁ እንደ ሆነ በካርቶኑ ውስጥ ያለውን ወረቀት እጃችሁን ሳትጠርጉበት አንብቡት።